ከሸዋሮቢት አብሮን የመጣው እንግዳ

የዚህ ወር ጨዋታችን ስለ ቤት ውስጥና ስለ በረንዳ ቅጠላማ ተክሎች ነው። በተለይ ደግሞ ቅጠላቸው ሥር ተሸሽገው ሳንጋብዛቸው ቤታችን ስለሚገቡ ትንንሽ እንግዶች።

ነገሩ የጀመረው ለጥምቀት ወደ ሸዋሮቢት በወረድን ጊዜ ነው። መንገዱን የምታውቁት ታስታውሱታላችሁ። ጣርማበር ላይ፣ ከ3,000 ሜትር በሚበልጠው ከፍታ፣ ጋቢ ለብሳችሁ ዋሻውን ታልፋላችሁ። ደብረ ሲና ላይ ጋቢው ይወልቃል። ቁልቁለቱን ጨርሳችሁ 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ሸዋሮቢት ስትደርሱ ሹራቡም ይወልቃል፣ የመኪናውም መስኮት ይከፈታል። ፓፓያው፣ ማንጎው፣ ብርቱካኑ በየመንገዱ ዳር ይጠብቃችኋል።

አክስቴ የሚኖሩት እዚያ ነው። በረንዳቸው ላይ ያሉት ተክሎች ለአዲስ አበባ ሰው ያስቀናሉ። ክሮቶን ደጋ ላይ አንገቱን ደፍቶ የሚኖር ተክል ነው፤ ሙቀትና ብርሃን ካላገኘ ቀለሙ አይወጣም። የይፋት ቆላ ላይ ግን ቢጫው፣ ቀዩና ብርቱካናማው እንደ እሳት ይነድዳል። አክስቴ ዓይኔን አይተው አንዱን መትከያ አነሱና "እንኪ፣ ይህን ይዘሽ ግቢ፤ ሳሎንሽ ይመርበት" አሉኝ። እኔም አመስግኜ፣ የመኪናው የኋላ ወንበር ላይ አስቀምጬ፣ አዲስ አበባ ስደርስ ከሌሎቹ ተክሎቼ መሐል አስገባሁት።

የካቲት ሊያልቅ ሲል የሳሎኑ ጠረጴዛ ማር የፈሰሰበት ይመስል መጣበቅ ጀመረ። ልጆቹን ተቆጣሁ። ቀጥሎ ከመስኮቱ ሥር እስከ ክሮቶኑ ድረስ የጉንዳን ሰልፍ ታየ። የዚያን ዕለት ቅጠሉን ገልብጬ ሳየው፣ ቅጠሉ ከግንዱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ሁሉ በነጭ ጥጥ ተሞልቷል። ጎኑ የነበሩት ድራሴናና የጎማ ዛፍም ተይዘዋል። እንግዳው ከሸዋሮቢት ከእኛ ጋር 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ መጥቷል፤ መኪናው ውስጥ ያስገባሁት ደግሞ እኔው ራሴ ነኝ።

ለአክስቴ ስደውልላቸው ሳቁ። "እሱማ የእኔንም ጨርሶት ነበር። ጎረቤት ሽንኩርት የሚረጩበትን መድኃኒት ሰጥተውኝ ነፋሁበትና ተገላገልኩ" አሉኝ። ለፋሲካ ተመልሰን ስንወርድ የሆነውን እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ግን እንግዶቹን በመልክ እንወቃቸው።

ማን ማን ነው?

ቅጠላማ ተክሎችን የሚያጠቁት ተባዮች ብዙ ዓይነት ቢሆኑም፣ በየቤታችን ደጋግመው የሚገኙት ስድስት ናቸው። ለመለየት አጉሊ መነጽር ቢኖር መልካም ነው፤ ከሌለም የስልካችሁ ካሜራ ይበቃል።

አንደኛው የእኔ ቤት እንግዳ ነው፤ ሚሊባግ ይባላል። ነጭ ጥጥ ወይም ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። ለስላሳ ገላ ያለው ትንሽ ነፍሳት ሲሆን፣ ጥጥ የሚመስለው ነገር ራሱን የሚሸፍንበት ሰም ነው። ቅጠልና ግንድ የሚገናኙበት ስርጉድ ቦታ ላይ፣ አንዳንድ ጊዜም አፈሩ ውስጥ ሥሩ ላይ ይደበቃል። ሴቷ ክንፍ የላትም፤ መብረር አትችልም። ስለዚህ ከቤት ወደ ቤት የምትሄደው በእኛ እጅ፣ በተክሉ፣ በጉንዳንና በነፋስ ነው። በሕይወቷ በመቶዎች የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች።

ሁለተኛው ስኬል የሚባለው ባለ ቅርፊት ተባይ ነው። ብዙ ሰው ነፍሳት መሆኑን አያውቅም፤ የተክሉ ጠባሳ ወይም ኪንታሮት ይመስለዋል። ቡናማ ወይም ነጣ ያለ፣ ምስር የሚያክል ወይም ከዚያ ያነሰ ክብ ነገር ግንዱ ላይና የቅጠሉ ደም ሥር ላይ ተለጥፎ ካያችሁ በጥፍራችሁ ቆንጥሩት። ተነስቶ ከወጣ ስኬል ነው፤ ካልተነሳ የተክሉ አካል ነው። የጎማ ዛፍ፣ ዘንባባና ፈርን ይወዳል።

ሦስተኛው የግብርና ባለሙያዎች ክሽክሽ የሚሉት ነው። አረንጓዴ፣ ጥቁር ወይም ቢጫ ሆኖ አዲስ በሚወጣው ለስላሳ ቀንበጥ ላይ ተደራርቦ ይቀመጣል። ሴቷ ያለ ወንድ ልጅ ትወልዳለች፣ እንቁላል ሳትጥል በቀጥታ በሕይወት ያለ ልጅ። ዛሬ አሥር ያያችሁት በሳምንቱ መቶ የሚሆነው ለዚህ ነው። ዩሪያ የበዛበት ተክል ለስላሳ ቀንበጥ ስለሚያበዛ ለክሽክሽ ድግስ ይሆንለታል።

አራተኛው ነጭ ዝንብ ነው። ተክሉን ነካ ስታደርጉት እንደ ዱቄት ብን ብሎ ተነስቶ መልሶ ይቀመጣል። ልጆቹ ግን አይበሩም፤ ከቅጠሉ ሥር ተለጥፈው ይመጣሉ።

አምስተኛው ቀይ ሸረሪት የምንለው ነው። ስሙ ሸረሪት ቢሆንም ሸረሪት አይደለም፤ ነፍሳትም አይደለም። ስምንት እግር ያለው፣ በዓይን ለማየት የሚያስቸግር ነጥብ ነው። ቅጠሉ በመርፌ የተወጋጋ ይመስል በቢጫ ነጠብጣብ ይሞላና አቧራ የለበሰ መልክ ይይዛል፤ ሲብስ ቀጭን ድር ይታያል። ለማረጋገጥ ነጭ ወረቀት ከቅጠሉ ሥር ያዙና ቅጠሉን መታ መታ አድርጉት። የወደቁት ነጥቦች መራመድ ከጀመሩ ነገሩ ግልጽ ነው።

ስድስተኛው ከመትከያው አፈር የሚነሳው ጥቁር ትንኝ ነው። ከሁሉም ጉዳቱ ያነሰ ነው። ውኃ አብዝታችሁ እንደምታጠጡ የሚነግራችሁ መልእክተኛ ብላችሁ ቁጠሩት። ላይኛው አፈር ሁለትና ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል እስኪደርቅ ውኃ ከከለከላችሁት ልጆቹ ይሞታሉ።

ሚሊባግ፣ ክሽክሽ፣ ነጭ ዝንብና አብዛኞቹ የቤት ስኬሎች አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው። የተክሉን ጣፋጭ ፈሳሽ ብዙ ይመጥጡና የተረፋቸውን ያንጠባጥባሉ። ጠረጴዛዬን ያጣበቀው እሱ ነው። ፈሳሹ ቅጠሉ ላይ ሲቆይ ጥላሸት የመሰለ ጥቁር ሻጋታ ያበቅላል። ጉንዳንም ይህን ጣፋጭ ስለሚፈልገው ተባዮቹን እንደ ላም ይጠብቃቸዋል፤ የሚበሏቸውን ያባርራል፣ ወደ አዲስ ቀንበጥም ያዛውራቸዋል። ስለዚህ ተክል ላይ የጉንዳን ሰልፍ ስታዩ ሊጠይቅ የመጣው ተክሉን ሳይሆን ከብቶቹን መሆኑን ዕወቁ።

ቆላ ሲሆን ለምን ይፈጥናል?

ነፍሳት እንደ እኛ የራሳቸውን ሙቀት አያመነጩም። ዕድገታቸው የሚፈጥነውም የሚዘገየውም በአካባቢያቸው ሙቀት ነው። ቀይ ሸረሪት 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ከእንቁላል ተነስቶ ለአካለ መጠን ለመድረስ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። 30 ዲግሪ ላይ ግን አንድ ሳምንት ገደማ ይበቃዋል። ደብረ ብርሃን ላይ ያለች እመቤት በወር አንዴ ተክሏን ብታይ ልትደርስበት ትችላለች፤ ሸዋሮቢት ወይም አጣዬ ያለች እመቤት ግን በየሳምንቱ ማየት አለባት። ግንቦትና ሰኔ ላይ ሙቀቱ ሲበረታ፣ የአዲስ አበባና የደሴ መኪና የሚያስነሳው አቧራም ቅጠሉ ላይ ሲቀመጥ፣ ቀይ ሸረሪት የሚወደው ደረቅና አቧራማ ቤት ተሟላለት ማለት ነው።

አዲስ አበባም ብትሆኑ አትዘናጉ። በመስታወት የተዘጋ በረንዳ ወይም ፀሐይ የሚያርፍበት የኮንዶሚኒየም መስኮት ለተክሉ ትንሽ ሸዋሮቢት ነው።

በረንዳው ላይ ያገኘሁት ጠርሙስ

ለፋሲካ ስንወርድ አክስቴ ተገላገልኩ ያሏቸውን ተክሎች አየኋቸው። እውነት ነው፣ ጥጡ ቀንሷል። ክሮቶኖቹ ግን ቢጫ አቧራ የተነፋባቸው መስለው ቅጠላቸው ይረግፋል፤ በቅርንጫፉ መሐል ቀጭን ድር አለ። ሚሊባጉ ሄዶ ቀይ ሸረሪት ገብቷል።

ይህ ባጋጣሚ የሆነ አይደለም። ብዙዎቹ የእርሻ ፀረ ተባዮች ያገኙትን ነፍሳት ሳይመርጡ ይገድላሉ። በየበረንዳችን ክሽክሽ የሚበሉ ቀያይ ባለ ጥቁር ነጠብጣብ ጥንዚዛዎች፣ ሚሊባግ ውስጥ እንቁላላቸውን የሚጥሉ ጥቃቅን ተርቦች፣ ቀይ ሸረሪትን አሳድደው የሚበሉ የራሱ ዘመዶች አሉ። መርዙ መጀመሪያ የሚጨርሰው እነዚህን ነው። ቀይ ሸረሪት ግን በብዙዎቹ መርዞች አይሞትም፤ ስለዚህ ጠላቶቹ ሲሞቱለት ሜዳው ይለቀቅለታል።

ከዚያ የባሰውን ያየሁት ውኃ ልቀዳ ስነሳ ነው። ከተክሎቹ ኋላ፣ መሬት ላይ፣ የሃይላንድ ጠርሙስ ተቀምጧል። ውስጡ ወተት የመሰለ ነጭ ፈሳሽ ግማሽ ድረስ አለ። የአክስቴ የልጅ ልጅ ሦስት ዓመት ተኩሏ ነው፤ የምትጫወተው እዚያው በረንዳ ላይ ነው።

በርካታ የእርሻ ፀረ ተባዮች በቆርቆሮው ውስጥ እያሉ እንደ ዘይት ናቸው፤ ውኃ ሲነካቸው ነጭ ሆነው ወተት ይመስላሉ። እኛም ደግሞ የምንጠራቸው "መድኃኒት" ብለን ነው። ልጅ ስትታመም የምትጠጣውም መድኃኒት፣ ሽንኩርት የሚረጭበትም መድኃኒት። ጠርሙሱ ደግሞ ውኃ የምትጠጣበት ጠርሙስ። አስቡት፤ ለአንዲት ሕፃን "አትንኪው" የሚላት ምንም ምልክት የለም።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምንም አልደረሰባትም። አክስቴን ግን ስነግራቸው ተቀመጡና ለረዥም ጊዜ ዝም አሉ። "ለአበባ ብዬ..." ብቻ አሉ።

አክስቴ ሰነፍ ወይም ግድ የለሽ ሰው አይደሉም። ይፋት ቆላ ሽንኩርት፣ ማሾ፣ ፍራፍሬ የሚመረትበት አገር ነው። ፀረ ተባይ በየቤቱ አለ፤ ጎረቤት ከጎረቤት እንደ ጨው ይዋዋሳል። ከተማ ያለነውም ብንሆን ከገበያ ያለ ስም በትንሽ ጠርሙስ ተቀንሶ የሚሸጠውን ገዝተን እናውቃለን። የአገራችን የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 የወጣው ለዚሁ ነው። ፀረ ተባይ የሚመዘገበው ለተወሰነ ሰብልና ለተወሰነ አጠቃቀም ነው፤ ለሽንኩርት ማሳ የተፈቀደ ነገር ለሳሎን ተፈቀደ ማለት አይደለም። ማሳ ላይ ነፋስ አለ፣ ፀሐይ አለ፣ ከርጭት በኋላ ሰው የማይገባበት ቀን አለ። ሳሎን ውስጥ ግን ከርጭቱ በኋላ እዚያው እንበላለን፣ እዚያው እንተኛለን።

ሁለት ሌሎች "የባህል መላዎች"ንም ላንሳ። አንደኛው የትምባሆ ውኃ ነው። ሸዋሮቢት ለረዥም ዘመን ትምባሆ የተመረተበት አገር ስለሆነ መላው እዚያ ይታወቃል። እውነት ነው፣ ክሽክሽን ይገድላል። የሚገድለው ግን ኒኮቲን ነው፤ ኒኮቲን ደግሞ በቆዳ በኩል ሳይቀር ሰው ውስጥ የሚገባ ብርቱ መርዝ ነው። ቃሪያና ቲማቲምን የሚያጠቃ ቫይረስም ከትምባሆው ጋር ሊመጣ ይችላል። "ከተፈጥሮ የተገኘ" ማለት "የማይጎዳ" ማለት አይደለም። ሁለተኛው ላምባ ነው። ላምባ ተባዩን ከቅጠሉ ጋር ያቃጥለዋል፤ ቤቱንም ለእሳት ያጋልጣል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

የእኔንም የአክስቴንም ቤት ያዳነው ውድ ነገር አይደለም። ቅደም ተከተሉን ግን ጠብቁ።

መጀመሪያ የታመመውን ለዩ። ተባይ ያያችሁበትን ተክል በዚያው ቀን ከሌሎቹ አርቁት፤ ሌላ ክፍል ካለ ሌላ ክፍል ይሁን። ክፉኛ የተጎዳውን ቅርንጫፍ ቆርጣችሁ በፕላስቲክ ከረጢት አስራችሁ ጣሉት። ጓሮ አትወርውሩት።

ሁለተኛ እጠቡት። መትከያውን በፌስታል ሸፍናችሁ ተክሉን መታጠቢያ ቤት ወይም ጓሮ ውሰዱትና ቅጠሉን፣ በተለይ ሥሩን፣ ጠንከር ባለ ውኃ እጠቡት። ክሽክሽና ቀይ ሸረሪት ግማሽ በግማሽ የሚሸነፉት በዚህ ብቻ ነው። ሰፊ ቅጠል ያላቸውን በእርጥብ ጨርቅ ከላይም ከታችም ጥረጉ። የአክስቴን ክሮቶኖች ከቀይ ሸረሪት ያዳናቸው ለሦስት ሳምንት በየሦስት ቀኑ መታጠባቸው ነው።

ሦስተኛ ሚሊባግና ስኬልን በእጅ ልቀሙ። ከፋርማሲ 70 በመቶ አልኮል ግዙ። የጆሮ ማጽጃ ጥጥ ነክራችሁ እያንዳንዱን ጥጥ መሳይ ነገር ንኩት፤ ሰሙ ሲሟሟ ተባዩ ይሞታል። ስኬሉን ቀድማችሁ በጥፍር ወይም በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አላቅቁት። አልኮል ከእሳትና ከምድጃ ይራቅ፤ መስኮትም ይከፈት።

አራተኛ ሳሙና ርጩ። በአንድ ሊትር ውኃ አንድ የሻይ ማንኪያ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና በቂ ነው። የዱቄት ሳሙናና በረኪና ፈጽሞ አይሁን። ሳሙናው ተባዩን የሚገድለው ገላው ላይ ሲያርፍ ብቻ ስለሆነ የቅጠሉ ሥር እስኪንጠባጠብ ድረስ መርጠብ አለበት። ሲደርቅ ኃይል የለውም። መጀመሪያ አንድ ቅጠል ላይ ሞክራችሁ ሁለት ቀን ጠብቁ፤ ፈርንና ፀጉራማ ቅጠል ያላቸው ተክሎች ሊቃጠሉ ይችላሉ። ፀሐይ ላይ አትርጩ፤ በቆላ ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ወይም ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ይሁን። ከሁለት ሰዓት በኋላ በንጹሕ ውኃ አለቅልቁት።

አምስተኛ ድገሙት። ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው። ሳሙናውም አልኮሉም እንቁላሉን ሁሉ አይጨርስም። አንድ ጊዜ ታክሞ "ዳነ" የተባለ ተክል በሳምንቱ በተፈለፈሉት ልጆች እንደገና ይወረራል። በየአምስትና በየሰባት ቀኑ፣ ቢያንስ አራት ጊዜ ድገሙ። አንድም ተባይ ሳታዩ ሦስት ሳምንት ካለፈ በኋላ ብቻ ተክሉን ወደ ቦታው መልሱት።

ከዚህ ጠንከር ያለ ካስፈለገ ኒም አለ። በቆላ ከተሞች ለጥላ የሚተከለው ዛፍ ነው። ፍሬው ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ተባዩ እንዳይበላና እንዳያድግ ያደርገዋል። የደረቀውን የፍሬውን ውስጥ 50 ግራም ወቅጣችሁ በአንድ ሊትር ውኃ አሳድራችሁ፣ በጨርቅ አጥላችሁ፣ ጥቂት ሳሙና ጨምራችሁ በዚያው ቀን ተጠቀሙበት። እሱም ቢሆን ከልጆች ይራቅ፤ የኒም ዘይት ለሕፃናት ሲጠጣ አደገኛ ነው።

ጉንዳኑን አትርሱ። መትከያውን በሳሙና ውኃ የተሞላ ሰሐን ላይ በድንጋይ ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ ቅጠሉ ግድግዳና መጋረጃ እንዳይነካ አድርጉ። ጠባቂው ሲቀር የተባይ ጠላቶች ሥራቸውን ይሠራሉ።

የእነዚህ ጠላቶች ሥራ ቀላል እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ የካሊፎርኒያን የብርቱካን እርሻ ጥጥ መሳይ ስኬል ሊያጠፋው ደርሶ ነበር። ያዳነው መርዝ አልነበረም፤ በ1888 መጨረሻ ከአውስትራሊያ በመርከብ መምጣት የጀመሩት ትንንሽ ጥንዚዛዎች ናቸው። እዚሁ አገራችንም ባቱ (ዝዋይ) አካባቢ ያሉ የጽጌረዳ እርሻዎች ቀይ ሸረሪትን ለመቆጣጠር ሌላ ሥጋ በል ዘመዱን ይለቁበታል። ለውጭ ገበያ የሚያመርት ትልቅ እርሻ መርዝ የሚቀንስበትን መንገድ ሲፈልግ፣ እኛ ለአምስት መትከያ የማሳ መርዝ ሳሎን ማስገባታችን ያሳፍራል።

አንዳንድ ጊዜም መሸነፍን ማወቅ ነው። የጎማ ዛፌ ሥሩ ድረስ ተይዞ ነበር፤ ጣልኩት። አንዱን ለማዳን አሥሩን ማስያዝ ብልኅነት አይደለም።

ስጦታ ሲመጣ ሦስት ሳምንት

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልመለስ። ክሮቶኑን ያስያዘኝ የአክስቴ ስጦታ ሳይሆን የእኔ ችኮላ ነው። ከችግኝ ጣቢያ፣ ከመንገድ ዳር ሻጭ ወይም ከዘመድ የመጣ ማንኛውም ተክል ለሦስት ሳምንት ለብቻው መቀመጥ አለበት። በሦስት ሳምንት ውስጥ እንቁላሉ ይፈለፈላል፣ የተደበቀው ይታያል።

ይህ የሳሎን ጉዳይ ብቻ አይደለም። ነጩ የማንጎ ስኬል በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ2010 በምሥራቅ ወለጋ ጉቶ ጊዳ ወረዳ ነው። ከውጭ ከገባ ችግኝ ጋር እንደመጣ ይታመናል፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ የማንጎ አምራቾችን አስለቅሷል። ትግራይ ውስጥ ደግሞ ቀይ ማቅለሚያ ለማምረት ታስቦ የገባው ኮቺኒል ከታሰበለት ቦታ ወጥቶ በደቡባዊ ትግራይ የገበሬውን በለስ ወርሯል። እሱም የሚሊባግ ዘመድ ነው፤ ነጭ ጥጥ ይመስላል፣ ሲጨፈለቅ ደም የመሰለ ቀይ ይወጣዋል። ማንጎና ፓፓያ ያለበት የይፋት ጓሮ ላይ ከአዲስ አበባ የወሰድንለት ተክል ምን ይዞ እንደሚወርድ ማየትም የእኛ ፈንታ ነው። እንግዳው ወደ ላይ ብቻ ሳይሆን ወደ ታችም ይጓዛልና።

ይህን ማቀዝቀዣችሁ ላይ ለጥፉት

ምናልባት የእርሻ ፀረ ተባይ ቤታችሁ ካለ፣ በመጣበት ዕቃ፣ ከነጽሑፉ፣ ከፍ ባለና በሚቆለፍ ቦታ ይቀመጥ። ወደ ውኃ ወይም ወደ ለስላሳ ጠርሙስ ፈጽሞ አይገልበጥ። የተበጠበጠ አይቀመጥ። መቼም ቢሆን "መድኃኒት" አትበሉት፤ ልጆቻችሁ ፊት "መርዝ" ብላችሁ ጥሩት።

ልጅ ከጠጣ ወይም ከፈሰሰበት ምራቅ መዝረብረብ፣ እንባ፣ ላብ፣ ማስታወክ፣ የዓይን ብሌን መጥበብ፣ የትንፋሽ ማጠር ሊታይ ይችላል። ምልክቱ እስኪታይ ግን አትጠብቁ። ልብሱን አውልቁ፣ ገላውን በሳሙናና በብዙ ውኃ እጠቡ፤ የምታጥቡት እናንተም እጃችሁን ጠብቁ። አታስታውኩት። ወተት፣ ዘይት ወይም ሌላ ነገር አታጠጡት። መርዙ የነበረበትን ዕቃ ከነጽሑፉ ይዛችሁ ወዲያውኑ ሆስፒታል ሩጡ። ሐኪሙ ማርከሻውን የሚመርጠው ምን እንደተጠጣ ሲያውቅ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ አበው "ሳይቃጠል በቅጠል" ያሉት ለእኛ ጉዳይ የተባለ ይመስላል። በሳምንት አንድ ቀን፣ እሑድ ቡናው እስኪፈላ፣ የየተክሉን አንድ አንድ ቅጠል ገልብጣችሁ እዩ። ከልጆቻችሁ ጋር አድርጉት፤ የእነሱ ዓይን ከእኛ ይሰላል። በመጀመሪያው ሳምንት የተገኘ ሚሊባግ በአንድ የጆሮ ማጽጃ ጥጥ ያልቃል፤ በስድስተኛው ሳምንት የተገኘው ግን ሰውን መርዝ ያስመኛል።

አክስቴ ጠርሙሱ ውስጥ የቀረውን የት እንደሚያደርሱት የወረዳውን የግብርና ባለሙያ ጠየቁ እንጂ ቦይ ውስጥ አልደፉትም። ባለፈው ሳምንት ሲደውሉልኝ "አሁን ከእኔ ይልቅ ልጂቱ ናት የምታጥባቸው" አሉኝ። የልጅ ልጃቸው በየጠዋቱ ክሮቶኖቹን በጣሳ ታጠጣለች፣ ቅጠል ትገለብጣለች፣ ጥንዚዛ ያየች ቀን ደግሞ ሰፈሩን ትጠራለች።

በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን።